አነስተኛ የኤሌክትሮን ማፍጠኛ በጎንደር፦ ከየትኛው ክፍል እንጀምር?

መምህር ዘአዘዞ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ባለፈው ሳምንት በሌላ ክር ላይ «በእኛ አገር የኤሌክትሮን ማፍጠኛ መሥራት ይቻላል ወይ?» የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ወዲያው ወደ ቀልድ ስለ ተለወጠ፣ ነገሩን ለብቻው አውጥቼ በቁም ነገር ልጠይቅ ወደድሁ። ዓመታቱን የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ኤሌክትሮን ማፍጠን በራሱ እንግዳ ነገር አይደለም። ጀርባው ወደ ኋላ የወጣው የድሮ ባለ ቀለም ቴሌቪዥን በ25 ሺህ ቮልት ገደማ ኤሌክትሮኖችን ከብርሃን ፍጥነት ሠላሳ በመቶ ድረስ ያደርስ ነበር፤ እኛም ፊቱ ተቀምጠን ኳስ እናይበት ነበር። ለካንሰር ሕክምና የሚያገለግለው ሊናክ (ኤሌክትሮኖችን ቀጥ ባለ መስመር የሚያፈጥን ማሽን) ግን በተለምዶ ስድስት ሚሊዮን ቮልት የሚያህል ጉልበት ስለሚፈልግ፣ ያን ሁሉ ቮልት በአንድ ቦታ ላይ ልጫን የሚል ሰው በብልጭታ ይሸነፋል። መፍትሔውን ሮልፍ ቪደሮ በ1928 ሠርቶ አሳይቷል፤ ኤሌክትሮኑን ወይም ሌላውን ቅንጣት በአንድ ጊዜ ከመግፋት ይልቅ በሚለዋወጥ መስክ ደጋግሞ መግፋት ነው። ዛሬ ይህ የሚደረገው ሦስት ጊጋኸርዝ ገደማ የሆነ ማይክሮዌቭ በተደረደሩ የመዳብ ክፍሎች ውስጥ በማስገባት ሲሆን፣ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቱቦ ኤሌክትሮኑን እስከ ስድስት ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ያደርሰዋል።

የማይክሮዌቩ ምንጭ ማግኔትሮን ነው። ራንዳልና ቡት በ1940 በበርሚንግሃም ለራዳር ብለው ያወጡት ዓይነት፣ በየወጥ ቤቱ ካለው ማይክሮዌቭ ጋር የአንድ ቤተ ሰብ ልጅ ነው። በምቱ ጫፍ ላይ 2.6 ሜጋ ዋት ሲሰጥ ያስፈራል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ምት አራት ማይክሮ ሰከንድ ብቻ ቢቆይና በሰከንድ 250 ምት ቢኖር፣ አማካዩ 2.6 ኪሎ ዋት ነው። ይህ ከአንድ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ያነሰ ነው።

የእኔ ሐሳብ የሚከተለው ነው። የመዳብ ቱቦውንና ማግኔትሮኑን ታሽገው እንደሚመጡ እንግዛ፤ የከፍተኛ ቮልት ምት የሚሰጠውን ሞዱሌተር፣ የውሃ ማቀዝቀዣውን፣ የቫኪዩም ፓምፑን ኃይል ሰጪ፣ መቆጣጠሪያውንና የጨረራ መከለያውን እኛው እንሥራ። ማሽኑም በመጀመሪያ ለምርምርና ለማስተማሪያ እንጂ ለሕመምተኛ አይሁን። የምትቃወሙኝ የት ላይ እንደሆነ ለማወቅ እፈልጋለሁ።

የጥገና ሰው — ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡45

መምህር፣ በምጣዱ ንጽጽር ተደሰትሁ፤ ነገር ግን ማግኔትሮኑ ብቻውን አይበላም። ሞዱሌተሩ፣ ቺለሩ (የውሃ ማቀዝቀዣው)፣ ፓምፖቹ፣ የክፍሉ አየር ማቀዝቀዣ ሲደመሩ ጠቅላላው ፍላጎት ወደ ብዙ ምጣድ ይሄዳል፤ ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የኃይሉ መጠን ሳይሆን መቋረጡ ነው።

ከዓመታት በፊት በአንድ ሆስፒታል ውስጥ የጨረራ መሣሪያ በሚጠገንበት ቡድን ውስጥ ነበርሁ። የሆስፒታሉን ስም ማንሣት አያስፈልግም። ማሽኑ የቆመው በሚሊዮን ዶላር በሚገመተው አካሉ ምክንያት አልነበረም። መብራት ሄዶ ሲመለስ የቺለሩ መጭመቂያ ሞተር ተቃጠለ፤ ያው በማንኛውም ትልቅ ፍሪጅ ውስጥ ያለ ዓይነት ሞተር ነው። እኛ በሁለት ቀን ልንቀይረው እንችል ነበር። ውሉ ግን ከተፈቀደለት ወኪል በቀር ማንም እንዳይነካ ስለሚከለክል፣ ባለሙያው ከውጭ እስኪመጣ ሳምንታት አለፉ። በዚህ መሐል የጀርባ ባትሪው አልቆ የቫኪዩም ፓምፑ ቆመ፤ ፓምፑ ሲቆም በቱቦው ውስጥ ጋዝ ቀስ በቀስ ተጠራቀመ፤ ኤሌክትሮኖቹ የሚፈልቁበት የኤሌክትሮን ጠመንጃው ካቶድም ተበላሸ። ከፍሪጅ ሞተር የተነሣ ነገር እስከ ማሽኑ ልብ ደረሰ ማለት ነው። እኔ ካቶዱ በተቀየረበት ቀን የተሰማኝን ንዴት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ስለዚህ «ርካሽ» የሚለውን ቃል ከመግዣ ዋጋው ጋር ብቻ አታያይዙት እላለሁ። እኔን የምትጠይቁኝ ከሆነ የመጀመሪያው የሥራ ትእዛዝ ይህ ይሁን፦ መብራት ለአንድ ሳምንት ቢጠፋ እንኳ የቫኪዩም ፓምፑ ከባትሪና ከሶላር ብቻ ይሥራ። ፓምፑ ቱቦው ንጹሕ ከሆነ የሚበላው እጅግ ጥቂት ነው፤ አንድ የመኪና ባትሪ ብዙ ያስሄደዋል። ይህን ለማድረግ ፊዚክስ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ንድፉን የሚያወጣው ሰው ክረምት ጎንደር ላይ ከርሞ ማወቁ ነው።

ማራኪ ሃያ ሁለት — ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡20

በዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተማሪ ነኝ፤ ይቅርታ ይደረግልኝና አንድ ነገር ልጠይቅ። በሌዘርና በፕላዝማ የሚሠራ ማፍጠኛ በሚሊ ሜትሮች ውስጥ መዳቡ በሜትሮች የሚሰጠውን ጉልበት ይሰጣል ይባላል። ለምን ያረጀውን ቴክኖሎጂ እንከተላለን? ለምን በቀጥታ ወደ አዲሱ አንዘልም?

መምህር ዘአዘዞ — ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡05

ጥያቄህ ጥሩ ነው፤ ይቅርታም አያስፈልገውም። ፕላዝማው ትንሽ መሆኑ እውነት ነው፤ ትልቁ ነገር ፕላዝማውን የሚቀሰቅሰው ሌዘር ነው። ዤራር ሙሩና ዶና ስትሪክላንድ በ2018 የኖቤል ሽልማት ያገኙበት፣ በ1985 ያወጡት ምት የመዘርጋትና የማጉላት ዘዴ ይህን ሌዘር አስቻለ፤ አላረከሰውም። ከዚህም በላይ ኤሌክትሮኖቹ ከምት ወደ ምት አንድ ዓይነት ጉልበት እንዲኖራቸው ማድረግ ገና የምርምር ጉዳይ ነው፤ ለሕክምናም ሆነ እህል ለማከም የሚፈለገው ደግሞ በየቀኑ ሳይለዋወጥ የሚሠራ ነገር ነው። ከሁሉ በላይ ግን ሌዘሩ ሲበላሽ የጥገናው ሰው ከፍሪጅ ሞተር ጋር የሚያመሳስለው ምንም ክፍል አያገኝም። የመዳቡን መንገድ ያልሁት ስለ ተረዳነው እንጂ ስለ ወደድሁት አይደለም።

ወለተ ጎንደር — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

በሕክምና ፊዚክስ ሙያ የምሠራ፣ ትውልዴም እዚያው ጎንደር የሆነ ነኝ። መምህር «ለሕመምተኛ አይሁን» ያሉትን ሁላችሁም በግድግዳ ላይ እንድትጽፉት እለምናለሁ። ሊናክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሕመምተኛ ያከመው በ1953 በለንደን ሀመርስሚዝ ሆስፒታል ነው፤ በስታንፎርድ ደግሞ በ1956 የዓይን ካንሰር የያዘው የሁለት ዓመት ሕፃን ታክሞበታል። ከዚያ ወዲህ የተከማቸው ልምድ ግማሹ በአደጋ የተገዛ ነው። ከ1985 እስከ 1987 ቴራክ 25 የተባለው ማሽን በአሜሪካና በካናዳ ስድስት ሕመምተኞችን ከልክ በላይ በሆነ ጨረራ መታ፤ ከእነርሱም ቢያንስ ሦስቱ ሞቱ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በቀደሙት ሞዴሎች ላይ በሽቦና በመቀያየሪያ የተሠራው የደኅንነት መቆለፊያ ተወግዶ ሥራው ሁሉ ለሶፍትዌር ተሰጠ፤ ሶፍትዌሩ ደግሞ ስሕተት ነበረበት። የምርምር ማሽንም ቢሆን የበሩ መቆለፊያ ሲከፈት ከፍተኛ ቮልቱን በቀጥታ በሽቦ የሚቆርጥ እንጂ ኮምፒውተር አስፈቅዶ የሚቆርጥ መሆን የለበትም።

እስካሁን ያልተነሣ አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ እርሱም ከፍታችን ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለ ሆነ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 77 በመቶ ገደማ ነው። ከዚህ የሚከተሉት ነገሮች እያንዳንዳቸው ትንሽ ይመስላሉ። መጠነ ጨረራን የምንለካበት ክፍት የአዮን ክፍል በውስጡ ያለው አየር ስለሚሳሳ፣ ሳይታረም ቢነበብ ወደ ሃያ ሦስት በመቶ ዝቅ አድርጎ ያሳያል፤ በዚያ ንባብ ተማምኖ «ገና አልደረሰም» ብሎ የሚጨምር ሰው ከታሰበው ወደ ሠላሳ በመቶ የሚጠጋ ተጨማሪ ጨረራ ይሰጣል። ስስ አየር በቀላሉ ብልጭታ ስለሚያሳልፍ ለባሕር ዳርቻ የተሰላው የሞዱሌተር ርቀት ጎንደር ላይ ይጠባል፤ በዘይት ውስጥ ካልተቀመጠ በቀር ክፍተቶቹ ሊሰፉ ይገባል። የማቀዝቀዣ ማራገቢያው ያንኑ ያህል ቢዞርም የሚያንቀሳቅሰው የአየር ክብደት ያንሳል። በማይክሮዌቩ ቱቦ ውስጥ የሚሞላው መከላከያ ጋዝ እንኳ በተራ ጌጅ ሲለካ ከውጭው አየር ጋር ተነጻጽሮ ስለሆነ፣ መመሪያው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይታችሁ ብትሞሉ በእርግጥ የገባው ከታሰበው ያነሰ ነው። ውጭ አገር የተጻፈ መመሪያ ይህን ሁሉ አያስታውሳችሁም።

ስለ ኮባልትም አንድ ቃል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት የአገሪቱን የጨረር ሕክምና የተሸከመው በኮባልት 60 (ራሱ ጨረራ በሚያወጣ ብረት) ነው፤ እኔም የማከብረው መሣሪያ ነው። መብራት ብዙ አይፈልግም፤ ጥገናውም ቀላል ነው። ነገር ግን ግማሽ ዕድሜው 5.27 ዓመት ስለ ሆነ በየወሩ ከአንድ በመቶ በላይ እየደከመ፣ የአንዱ ሕመምተኛ የሕክምና ደቂቃ እየረዘመ፣ ተራ ጠባቂውም እየበዛ ይሄዳል። የተጣለ የሕክምና ምንጭ ምን እንደሚያደርግ በ1987 የብራዚሏ ጎያንያ አይታለች፤ በዚያ የነበረው ሲዚየም 137 ሲሆን አራት ሰዎች ሞተውበታል። ሊናክ ሶኬቱ ሲነቀል ከብረት ክምር አይለይም። ለዚህም ነው በኖቬምበር 2016 በሰርን (በአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ማዕከል) ስለ አስቸጋሪ ሁኔታ የሚስማማ ሊናክ ውይይት የተጀመረው፤ በ2020 የወጣ የእንግሊዝ፣ የናይጄሪያና የቦትስዋና ማሽኖች ንጽጽርም ብልሽቱ በእኛ አህጉር ማሽኖች ላይ እንደሚደጋገም፣ ጨረሩን የሚቀርጸው ባለ ብዙ ቅጠል መጋረጃ ደግሞ ከሚያስቸግሩት ዋነኛው እንደሆነ አሳይቷል። የምርምር ማሽን ያን መጋረጃ ጭራሽ አያስፈልገውም፤ ይህም የመምህርን ሐሳብ ይደግፋል።

የጥገና ሰው — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡00

እህቴ፣ የጌጁን ነገር በሃያ ዓመት ሥራዬ አስቤው አላውቅም። እግዚአብሔር ይስጥሽ።

ቶርኖ ቤት — ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡15

እኔ የተማርሁት በሥራ ነው፤ ቶርኖና ፍሬዛ ያለበት አነስተኛ ቤት አለኝ፤ የወፍጮ ዘንግና የፓምፕ ቡሽ እሠራለሁ። የመዳቡን ክፍል «እንግዛ» ማለታችሁ ለምንድን ነው? ቅርጹ ክብ ከሆነ ክብ ማውጣት የእኔ ሥራ ነው። ስንት ማይክሮን ስሕተት ነው የምትፈቅዱት?

መምህር ዘአዘዞ — ረቡዕ፣ ከሰዓት በኋላ 8፡30

ጋሼ፣ ጥያቄዎ የነገሩ ሁሉ ልብ ስለሆነ በቁጥር ልመልስ። ተራ ጣሳ የመሰለ ክፍል በ2,998 ሜጋኸርዝ እንዲያስተጋባ የውስጥ ራዲየሱ 38.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ራዲየሱ በአሥር ማይክሮን ቢሰፋ ድምፁ፣ ማለቴ ድግግሞሹ፣ በ0.8 ሜጋኸርዝ ያህል ይወርዳል። ጥሩ የመዳብ ክፍል የሚቀበለው ስፋት ግን ከ0.2 ሜጋኸርዝ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ አሥር ማይክሮን ብዙ ነው። ክፍሎቹ ከተሠሩ በኋላ ግድግዳውን በጥቂቱ ገፋ አድርጎ ማስተካከል የተለመደ ነው፤ እንደ ክራር ቅኝት ማለት ይሆናል። መዳቡ በሙቀትም ይቀየራል፤ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ 50 ኪሎኸርዝ ገደማ ስለሚወርድ፣ የጥገናው ሰው ያማረረው ቺለር የማቀዝቀዝ ብቻ ሳይሆን የቅኝትም መሣሪያ ነው።

ከመቁረጡ የሚከብደው ማያያዙ ነው። ኦክስጅን የሌለው መዳብ ተገዝቶ፣ ተቆርጦ፣ ታጥቦ፣ ክፍሎቹ በቫኪዩም ወይም በሃይድሮጂን ምድጃ ውስጥ በብር ቅይጥ ይጣበቃሉ፤ በተራ ብየዳ አይሆንም፤ በውስጡ አንዲት የጣት አሻራ ብትቀር ለወራት ጋዝ ትተፋለች። ያ ምድጃ ስለሌለን ነው እንግዛ ያልሁት።

ቶርኖ ቤት — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 12፡50

ምድጃ ስለሌላችሁ አትሥሩት ማለት አይደለም። ሳይጣበቅ፣ ለመለኪያ ብቻ፣ በአልሙኒየም አንዱን ላውጣው። የእኔ ቶርኖ አሮጌ ነው፤ አሥር ማይክሮን አልዋሻችሁም፤ ግን ምን ያህል እንደምስት ማወቅ እፈልጋለሁ።

ወለተ ጎንደር — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡15

ይህን ደግፉት። በእጅ የሚያዝ አነስተኛ የኔትወርክ አናላይዘር (ክፍሉ በየትኛው ድግግሞሽ እንደሚያስተጋባ የሚያሳይ መለኪያ) እስከ ሦስት ጊጋኸርዝ የሚለካ ዛሬ በርካሽ ይገኛል። ሁለት ሦስት ክፍል ሲኖራችሁ ደግሞ በመካከላቸው ትንሽ ዶቃ በክር እየጎተታችሁ መስኩ የት እንደሚበረታ መለካት ትችላላችሁ፤ ክሩ የጎርጎራ ዓሣ አስጋሪ የሚይዘው የናይሎን ክር ይበቃል።

የመተማው — ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡00

እኔ በግብርና ነው የምሠራው። ስለ ካንሰር ሲወራ ዝም ብዬ ቆየሁ፤ ግን መምህር «እህል ለማከም» ያሉት ነገር ስቦኛል። የሰሊጥ ጭነት በባክቴሪያ ምክንያት ከገዥ አገር ይመለሳል። ይህ ትንሹ ማሽን በሰዓት ስንት ኩንታል ይችላል? ቁጥር ስጡኝና ነጋዴውን አሳምናለሁ።

መምህር ዘአዘዞ — ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ 7፡40

እንደርስዎ ያለ ጠያቂ ብዙ ቢኖር መልካም ነበር። ኪሎ ግሬይ ማለት በአንድ ኪሎ ግራም እህል ውስጥ አንድ ሺህ ጁል ጉልበት ማስቀመጥ ነው። በምቱ ጊዜ 100 ሚሊ አምፒር የሚፈስ ከሆነና ምቱ ከጠቅላላው ጊዜ አንድ ሺህኛ ብቻ ከሆነ፣ አማካዩ የጨረር ኃይል 600 ዋት ይሆናል። ከዚያ ግማሹ ብቻ እህሉ ውስጥ ይገባል እንበል፤ ሌላው በዳርና በአየር ላይ ይባክናል። ለእህሉ አምስት ኪሎ ግሬይ እንስጥ ብንል፣ 300 ዋት ለዚያ ሲካፈል በሰዓት 216 ኪሎ ግራም፣ ማለትም ሁለት ኩንታል ከፍ ብሎ ይወጣል። ለቀዶ ሕክምና ዕቃ ማምከኛ የተለመደው 25 ኪሎ ግሬይ ከሆነ ወደ 43 ኪሎ ግራም ይወርዳል። ለላኪ ነጋዴ ይህ ቀልድ ነው፤ ለምርምር፣ ለናሙናና ለአንድ ሆስፒታል ጓንትና መርፌ ግን ብዙ ነው። ነጋዴውን አሁን አያሳምኑት።

ኤሌክትሮኑ በውሃ ውስጥ የሚዘልቀው ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ ሰሊጡ በጆንያ ሳይሆን በስሱ ተነጥፎ ማለፍ አለበት። ስለ ነፍሳትም ካሰቡ፣ ገንዲን የምታስተላልፈውን የቆላ ዝንብ ወንዱን በጨረራ አምክኖ የመልቀቅ ሥራ በቃሊቲ የተሞከረ ስለ ሆነ በአገር ውስጥ የሚጠየቅ ባለሙያ አለ።

ማራኪ ሃያ ሁለት — ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡20

ስለ መከለያውስ? ግንብ በማሠራት እኛን የሚቀድመን ከተማ የለም፤ ዐፄ ፋሲል ዛሬ ቢኖሩ ለሊናኩ አንድ እንቁላል ግንብ ያሠሩልን ነበር።

ወለተ ጎንደር — ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡55

ቀልዱ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በድንጋይና በኖራ የተሠራ ግድግዳ ለጨረራ አይሆንም፤ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ክፍተት ጨረራውን እንደ ቀዳዳ ያሳልፈዋል። ወጥ ኮንክሪት ነው የሚያስፈልገው። በስድስት ሜጋ ቮልት የመጀመሪያው 37 ሴንቲ ሜትር፣ ከዚያም እያንዳንዱ 33 ሴንቲ ሜትር ጨረራውን ወደ አንድ አሥረኛ ስለሚቀንሰው፣ በሚሊዮን እጅ ለመቀነስ ሁለት ሜትር ይደርሳል። የእኛ ጥቁር ድንጋይ ከባድ ስለሆነ ተፈጭቶ በጠጠርነት ቢገባ ይጠቅማል፤ ግድግዳው ግን ከመሠራቱ በፊት ናሙናው ይመዘን። ጉልበቱንም ከስድስት አታሳልፉ፤ ወደ አሥር ስትጠጉ ኒውትሮን ይመጣና የበሩ ስሌት ሌላ ይሆናል። የጨረራ ቁጥጥር ፈቃዱም መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ይጠየቅ።

የጥገና ሰው — ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2፡30

እኔ የባትሪውንና የፓምፑን ኃይል ሰጪ እወስዳለሁ። ንድፉን በዚሁ ክር ላይ አስቀምጣለሁ፤ ሁሉም መለዋወጫ ከጎንደርና ከአዲስ አበባ ገበያ የሚገኝ ይሆናል፤ የማይገኝ ካለ ንድፉን እቀይራለሁ እንጂ ዕቃውን አላስመጣም።

ቶርኖ ቤት — ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ፣ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡05

የአልሙኒየሙ ወጣ። ተማሪው መለኪያውን ይዞ መጥቶ አብረን ለካን፤ ከ2,998 መሆን የነበረበት 2,981 ሆነ። ሦስት ጊዜ ፈትተን ገጠምነው፤ ከዚያ አልተንቀሳቀሰም።

መምህር ዘአዘዞ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡40

ጋሼ፣ አሥራ ሰባት ሜጋኸርዝ ማነሱ ራዲየሱ በ0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ሰፍቷል ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ 0.7 ሜጋኸርዝ ያህሉ የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ በውስጡ ያለው አየር ነው፤ ቫኪዩም ሲሆን ይመለሳል። በባሕር ዳርቻ ቢለካ ኖሮ ደግሞ ይህ የአየር ድርሻ ከዚህም በበለጠ ነበር። ለመጀመሪያ ሙከራ ከጠበቅሁት እጅግ ይሻላል።

ቶርኖ ቤት — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡00

0.2 የቢላዋ መያዣው መላወስ ነው፤ አውቀዋለሁ፤ ለወፍጮ ዘንግ ግድ አይሰጠኝም ነበር። የሰፋ ቀዳዳ አይጠብም፤ ስለዚህ የሚቀጥለውን 38 ላይ አቁሜ ልተወውና፣ ተማሪው እየለካ እኔ በጥቂት በጥቂቱ እየላጥሁ ወደ 2,998 እናውርደው። ቅዳሜ ጠዋት ይምጣ፤ መብራት ካለ።

ማራኪ ሃያ ሁለት — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡04

እመጣለሁ ጋሼ። መለኪያው በባትሪ ነው የሚሠራው፤ ለቶርኖው ብቻ ነው መብራት የምንፈልገው።